ከጎጃም ማሳ እስከ ጂኖም ዳታቤዝ፦ የዕፅዋትን ጂን ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ ማግኘት

ጤፍ ዩሪያ ሲበዛበት ይመዘዛል። ከዚያ ዝናብ ከነፋስ ጋር ይመጣና ይጋሸባል። ይህን የእነማይም የይልማና ዴንሳም ገበሬ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ብዙዎቻችን የማናውቀው ግን የዚሁ ጤፍ የጂኖም (የሙሉ ዲኤንኤው) መረጃ፣ ከክሮሞዞሙ እስከ እያንዳንዱ ጂኑ፣ በነጻ ኢንተርኔት ላይ መቀመጡን ነው። ባሕር ዳር ዶርም ውስጥ ያለ ተማሪ የሚከፍተው ገጽና አሜሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ያለ ፕሮፌሰር የሚከፍተው ገጽ አንድ ነው። የሚለያያቸው የኔትወርኩ ፍጥነትና መንገዱን ማወቅ ብቻ ነው። ለኔትወርኩ መፍትሔ የለኝም። መንገዱን ግን አብረን እንሂድበት።

ጽሑፉ የታሰበው ለባሕር ዳር፣ ለደብረ ማርቆስና ለእንጅባራ የዕፅዋት ሳይንስና የባዮሎጂ ተማሪዎች፣ በየምርምር ማዕከሉ ለሚገኙ ጀማሪ ተመራማሪዎች፣ ለማወቅ ለሚጓጓ የግብርና ባለሙያም ነው። ፕሮግራሚንግ መቻል አያስፈልግም። ላፕቶፕ፣ መጠነኛ ኢንተርኔት፣ ኢሜይልና አንድ ደብተር ይበቃል። ስልክ ላይም ይከፈታል፤ ሰንጠረዦቹ ሰፋፊ ስለሆኑ ግን ዓይን ያደክማል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው፤ የአዋጁ ቁጥር ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ከሁሉ በፊት ጥያቄው

ብዙ ሰው መጀመሪያ ዳታቤዙን ይከፍትና ከዚያ ጥያቄ ይፈልጋል። ሰዓቱ ይሄዳል፣ ዳታው ያልቃል፣ እጅ ላይ ግን ምንም አይቀርም። ስለዚህ ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ደብተራችሁ ላይ ጻፉት። «የጤፍ ጂኖም» ጥያቄ አይደለም። «ሩዝን ያሳጠረው ጂን ጤፍ ውስጥ አቻ አለው ወይ? ካለው ስንት ነው? የትኛው ክሮሞዞም ላይ ተቀምጧል?» ይህ ጥያቄ ነው። መልስ ሲገኝ መገኘቱ ይታወቃል።

ለምን ከሩዝ ጀመርን? ሩዝ በደንብ የተጠና ሰብል ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው «አይአር8» የተባለው አጭር የሩዝ ዝርያ በእስያ የአረንጓዴው አብዮት መሪ ነበር። ማዳበሪያ ቢጨመርለትም አይወድቅም። ምክንያቱ ብዙ ቆይቶ ታወቀ። «ኤስዲ1» በሚባለው ጂኑ ላይ 383 የዲኤንኤ ፊደሎች ጎድለዋል። ጂኑ ጂበረሊን የተባለውን የእድገት ሆርሞን ከሚሠሩት ኢንዛይሞች አንዱን ያመርታል። ኢንዛይሙ ሲበላሽ ሆርሞኑ ያንሳል፣ አገዳውም ያጥራል። መጋሸብ ለሚያስቸግረው ሰብል ከዚህ የተሻለ መነሻ አይገኝም። በዚህ ጽሑፍ በዋናነት ይዘነው የምንሄደውም ይህን ምሳሌ ነው።

ሰብላችሁን በሳይንሳዊ ስሙ እወቁት

ዳታቤዞቹ «ጤፍ» ብትሏቸው ሁልጊዜ አይሰሟችሁም። በሳይንሳዊ ስሙ፣ በላቲን ፊደል ነው የሚፈለገው። ጤፍ ኢራግሮስቲስ ቴፍ ነው። ዳጉሳ ኢሉሲኔ ኮራካና፣ ግብጦ ሉፒነስ አልበስ፣ ጎመን ዘር ብራሲካ ካሪናታ፣ ገብስ ሆርዲየም ቩልጋሬ፣ በቆሎ ዚያ ሜይስ ይባላሉ። አጻጻፉን ከአንድ የታመነ መጽሐፍ ላይ ደብተራችሁ ላይ ገልብጡት። አንድ ፊደል ከተሳሳተ ገጹ «ምንም አልተገኘም» ይላችኋል፤ እናንተም የለም ብላችሁ ትተዉታላችሁ።

ቀጥሎ ክሮሞዞሙን እወቁ። ይህን መዝለል በኋላ ብዙ ዋጋ ያስከፍላል። ጤፍ 40 ክሮሞዞም አለው። ከሁለት የተለያዩ የሣር ወላጆች የመጡ ሁለት ንዑስ ጂኖሞች በአንድ ላይ ይኖሩበታል፤ «ኤ» እና «ቢ» ተብለው ይጠራሉ። ስለዚህ ሩዝ ውስጥ አንድ የሆነ ጂን ጤፍ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሆኖ ይገኛል። ዳጉሳም 36 ክሮሞዞም ይዞ እንደዚሁ ድርብ ነው። የዳቦ ስንዴ ደግሞ ሦስት ንዑስ ጂኖም ተሸክሟል። ጂኖሙ ወደ 16 ቢሊዮን ፊደል ይደርሳል፤ ከሰው አምስት እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ስንዴ ላይ አንድ ጂን ፈልጋችሁ ሦስት ብታገኙ አትደንግጡ። ጤናማ ነው።

ሦስተኛው ነገር፣ የተነበበው ጂኖም የማን እንደሆነ ማወቅ ነው። ለእኔ በዚህ ሥራ ላይ በብዛት የሚረሳው ይህ ነው። የጤፍ የመጀመሪያው ረቂቅ ጂኖም እ.ኤ.አ. በ2014 ሲታተም የተነበበው ጸደይ የተባለው ዝርያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ በክሮሞዞም ደረጃ የተደራጀ የተሻለ ጂኖም ወጣ። እሱ የዳቢ ነው፤ 68,255 ጂኖች ተቆጥረውበታል። ሁለቱም ቁንጮ የተባለው ዝርያ አይደሉም። ሁለቱም የቢቸና ማኛ አይደሉም። ማሳችሁ ላይ ያለው ቁንጮ ከሆነ፣ ዳታቤዙ የሚነግራችሁ ስለ ዘመዱ ነው። ቁንጮ እ.ኤ.አ. በ2006 የተለቀቀው ዱከምና ማኛ የሚባሉትን ሁለት ዝርያዎች በማዳቀል ነው፤ ስለዚህ የራሱ የሆኑ ልዩነቶች ይኖሩታል። ማጣቀሻ ጂኖም የአንድ ተክል ታሪክ ነው። ለገብስ እ.ኤ.አ. በ2020 የ20 ዝርያዎች ጂኖም በአንድ ላይ የታተመው ለዚህ ነው፤ በአንዱ ዝርያ ያለ ጂን በሌላው ጭራሽ ላይኖር ይችላል።

የትኛው በር ይንኳኳ

ዳታቤዞቹ ብዙ ናቸው። ለጀማሪ ሦስቱ ይበቃሉ፣ ሌላው ሲያስፈልግ ይመጣል።

አንደኛው ኤንሲቢአይ ነው፤ የአሜሪካ መንግሥት የሚያስተዳድረው ትልቁ ጎተራ። ጂንባንክ የሚባለው የዲኤንኤ ክምችት እዚያ ነው። የአውሮፓውና የጃፓኑ አቻዎቹ ያገኙትን ከእሱ ጋር ስለሚለዋወጡ፣ አንዱ ጋ የገባው ሦስቱም ጋ ይገኛል። ጎተራ እንደመሆኑ ግን ፍሬውም ገለባውም አብሮ ገብቷል። ማንም ተመራማሪ ያስገባውን ይቀበላል፤ የተጣራም ያልተጣራም አለ። «ጂሲኤፍ» ተብሎ የሚጀምር የጂኖም መለያ ኤንሲቢአይ ራሱ ያደራጀው ነው፤ «ጂሲኤ» የሚለው አስገቢው እንዳቀረበው የተቀመጠ ነው። ሁለቱም ካሉ ከመጀመሪያው ጀምሩ።

ሁለተኛው ኤንሴምብል ፕላንትስ ይባላል። እንግሊዝ አገር ካለው የአውሮፓ ባዮኢንፎርማቲክስ ተቋም የሚወጣ ነው። የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ሰብሎችን እርስ በእርስ አነጻጽሮ፣ «የዚህ ጂን አቻ እዚያኛው ተክል ውስጥ ይህ ነው» ብሎ ሠርቶ ያስቀምጥላችኋል። ጤፍም ሩዝም ስንዴም እዚያ አሉ።

ሦስተኛው ፋይቶዞም ነው። ዳጉሳ ላይ የምትሠሩ፣ የአዊና የሜጫ ልጆች በተለይ፣ ይህን ያዙት፤ የዳጉሳ ጂኖም እዚያ አለ። ፋይል ለማውረድ በነጻ መመዝገብ ይጠይቃል።

የተቀሩት በየሰብሉ ናቸው። ለበቆሎ ሜይዝጂዲቢ፣ ለስንዴና ለገብስ ግሬይንጂንስ፣ ለጎመን ዘር ቤተሰብ ብራድ፣ ለሣር ወገኖች ግራሚን። አራቢዶፕሲስ ለሚባለው የላቦራቶሪ ተክል ደግሞ ቴር አለ። አራቢዶፕሲስ እ.ኤ.አ. በ2000 ከዕፅዋት ሁሉ ቀድሞ ጂኖሙ የተነበበለት ነው። ቴር ግን ጥቂት ገጽ ካሳያችሁ በኋላ ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል። ዩኒቨርሲቲያችሁ ካልከፈለ፣ ያው መረጃ ኤንሴምብል ፕላንትስ ላይ አለላችሁ።

ሥራው ሲጀመር፦ ከሩዝ ተነስቶ ጤፍ ላይ መድረስ

ኤንሴምብል ፕላንትስን ክፈቱ። መጀመሪያ ጂን አትፈልጉ። የዝርያዎቹን ዝርዝር ከፍታችሁ ጤፍን ፈልጉና ገጹን ግቡበት። የጂኖሙ ስብስብ (ከተነበቡት ቁርጥራጮች ተገጣጥሞ የተሠራው ጂኖም) ስም ተጽፎ ታያላችሁ፤ ከሥሩም የተነበበው ዝርያ ማን እንደሆነ፣ ማን እንዳስገባው ይገለጻል። ጸደይ ነው ወይስ ዳቢ? ደብተር ላይ ጻፉት። የዳታቤዙ እትም ቁጥርም ገጹ ላይ አለ፤ እሱንም ጻፉ። አሁን ጊዜ ማባከን ይመስላል። ከስድስት ወር በኋላ አማካሪያችሁ «ይህን ከየት አመጣኸው?» ሲል ትመሰግኑኛላችሁ።

አሁን ወደ ሩዝ ሂዱ። ከሩዞቹ ውስጥ ጃፖኒካ የሚለውን ምረጡ። የመፈለጊያው ሳጥን ውስጥ የጂኑን መለያ አስገቡ፦ ኦኤስ01ጂ0883800። ፊደሎቹን በላቲን፣ ያለ ክፍተት ነው የምትጽፉት። መለያው ራሱ ይናገራል። «ኦኤስ» የሩዝ ሳይንሳዊ ስም ምህጻር ነው፣ 01 ማለት ክሮሞዞም አንድ፣ «ጂ» ማለት ጂን። ሩዝ ሁለት የመለያ አሰጣጥ ሥርዓት ስላለው በአንዳንድ ጽሑፎች ላይ ይኸው ጂን «ሎክ» ብሎ በሚጀምር ሌላ መለያ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ጂኑ አንድ ነው፣ አትምታቱ።

የጂኑ ገጽ ሲከፈት ከላይ ስሙ፣ ክሮሞዞሙና ቦታው፣ ከመሐል የጂኑ ሥዕል አለ። ሥዕሉ ላይ ወፍራም ሳጥኖችና እነሱን የሚያገናኙ ቀጫጭን መስመሮች ታያላችሁ። ሳጥኖቹ ኤክሶን ናቸው፤ ፕሮቲን የሚሠራው ክፍል እነሱ ውስጥ ነው። መስመሮቹ ኢንትሮን ይባላሉ፤ ሴሉ በመንገድ ላይ ቆርጦ ይጥላቸዋል። ሥዕሉን ዝም ብላችሁ አትለፉት። የጂኑን አቅጣጫ የሚያሳይ ምልክት አለ፤ ጂኑ ከግራ ወደ ቀኝ ወይም ከቀኝ ወደ ግራ ሊነበብ ይችላል። ፕራይመር፣ ማለትም ላቦራቶሪ ውስጥ አንድን ጂን ለማባዛት መነሻ የሚሆን አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ፣ ስትሠሩ ይህ ይመለስባችኋል።

በግራ በኩል ካለው ዝርዝር «ፕላንት ኮምፓራ» የሚለውን፣ ከሱ ሥር «ኦርቶሎግስ» የሚለውን ተጫኑ። ኦርቶሎግ ማለት ሁለት ዝርያዎች ከአንድ ቅድመ አያት የወረሱት፣ ዝርያዎቹ ሲለያዩ አብሮ የተለየ ጂን ነው። ረጅም ሰንጠረዥ ይመጣል። ሰንጠረዡ ላይ ባለው ማጣሪያ የጤፍን ሳይንሳዊ ስም ጻፉ። የሚቀረው መስመር ጥቂት ነው።

እዚህ ጋ ቀስ በሉ። የግንኙነቱ ዓይነት የሚለውን ዓምድ ተመልከቱ። «አንድ ለብዙ» ካለ፣ የሩዙ አንድ ጂን ጤፍ ውስጥ ከአንድ በላይ አቻ አለው ማለት ነው። ከጤፍ የምንጠብቀው ይህን ነው፦ አንድ በ«ኤ»፣ አንድ በ«ቢ»። አንድ ብቻ ከመጣ ሁለት ምክንያት ይኖራል። ወይ ሁለተኛው በዝግመተ ለውጥ ጠፍቷል፣ ወይ የጂኖም ንባቡ ላይ ክፍተት አለ። የትኛው እንደሆነ ሰንጠረዡ አይነግራችሁም። ቀጥሎ ሁለት የመቶኛ ዓምዶች አሉ። አንዱ ከጤፉ ፕሮቲን ስንት በመቶው ከሩዙ ጋር እንደሚመሳሰል፣ ሌላው ከሩዙ ስንት በመቶው ከጤፉ ጋር እንደሚመሳሰል ያሳያል። ሁለቱ ተቀራራቢ ከሆኑ ጥሩ ነው። አንዱ ከፍ፣ አንዱ በጣም ዝቅ ካለ፣ የጤፉ ጂን ተቆርጦ የተመዘገበ ሊሆን ይችላል።

የእያንዳንዱን የጤፍ ጂን መለያ ወደ ደብተር ገልብጡ። ከዚያ የሩዙን ፕሮቲን አውርዱ። ወደ ትራንስክሪፕቱ (ከጂኑ የሚገለበጠው የአርኤንኤ ቅጂ) ገጽ ገብታችሁ «ፕሮቲን» የሚለውን ተጫኑ፣ ቀጥሎ የማውረጃውን ቁልፍ። ቅርጹን «ፋስታ» አድርጉት። ፋይሉን በተራ የጽሑፍ ፕሮግራም፣ በኖትፓድ ለምሳሌ፣ ብትከፍቱት የመጀመሪያው መስመር በቀስት ጫፍ ምልክት ይጀምራል፤ እሱ ርእሱ ነው። ከሱ ቀጥሎ ፊደሎች ይደረደራሉ። እያንዳንዱ ፊደል አንድ አሚኖ አሲድ ነው። የመጀመሪያው «ኤም» መሆን አለበት፤ ፕሮቲን በሜቲዮኒን ነው የሚጀምረው። የዚህ የሩዝ ፕሮቲን ርዝመት 389 አሚኖ አሲድ ነው። ያወረዳችሁት ከዚህ ካነሰ የተቆረጠ ነገር ይዛችኋልና ተመለሱ። በዎርድ አትክፈቱት፤ የማይታዩ ምልክቶች ይጨምርበትና ቀጣዩ ፕሮግራም አልቀበልም ይላል።

በብላስት ማረጋገጥ

ኤንሴምብል የሰጣችሁን ዝም ብላችሁ አትመኑ። በሌላ መንገድ አረጋግጡት። መንገዱ ብላስት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ፣ የያዛችሁትን ቅደም ተከተል ከክምችቱ ሁሉ ጋር የሚያመሳክር ፕሮግራም።

ኤንሲቢአይ ላይ ብላስትን ስትከፍቱ ብዙ ዓይነት ይቀርብላችኋል። ዲኤንኤ ከዲኤንኤ ጋር ለማመሳከር ብላስትኤን፣ ፕሮቲን ከፕሮቲን ጋር ከሆነ ብላስትፒ። ለእኛ የሚበጀው ግን ቲብላስትኤን ነው። ፕሮቲን ትሰጡታላችሁ፣ እሱ ዲኤንኤውን ወደ ፕሮቲን እየተረጎመ ይፈልጋል። ለምን ይሻላል? እንደ ጤፍ ያለ ሰብል ኤንሲቢአይ ላይ የተመዘገበ ፕሮቲኑ ጥቂት፣ ጥሬ ዲኤንኤው ግን ብዙ ሊሆን ይችላል። በብላስትፒ ብቻ ፈልጋችሁ «የለም» ብትሉ ተሳስታችኋል።

የሩዙን ፕሮቲን ሳጥኑ ውስጥ ለጥፉ። ከዳታቤዞቹ ዝርዝር የሙሉ ጂኖም ቁርጥራጮች የሚለውን፣ በምህጻር ደብሊውጂኤስ፣ ምረጡ። የፍጥረቱ ስም በሚለው ሳጥን የጤፍን ሳይንሳዊ ስም አስገቡ። ይህን ካላስገባችሁ በዚህ ዳታቤዝ ላይ አይሠራላችሁም። ከዚያ ብላስት የሚለውን ተጫኑና ጠብቁ። አንዳንዴ ሰከንድ፣ አንዳንዴ ደቂቃዎች ይወስዳል።

ውጤቱ ሲመጣ ሦስት ቁጥሮች ላይ ዓይናችሁን ጣሉ። ኢ-ቫልዩ የሚባለው፣ ይህን ያህል መመሳሰል እንዲያው በአጋጣሚ ስንት ጊዜ ሊገኝ እንደሚችል የሚናገር ነው። ባነሰ ቁጥር ይሻላል፤ ዜሮ ከሆነ ከዚህ በላይ አይፈለግም። ሽፋን የሚለው መቶኛ ከሩዙ ፕሮቲን ምን ያህሉ እንደተገኘ ያሳያል። ሦስተኛው የመመሳሰል መቶኛ ነው። ኢ-ቫልዩው በጣም ቆንጆ ሆኖ ሽፋኑ ሠላሳ በመቶ ከሆነ፣ የያዛችሁት የጂኑን ጭራ ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ። ዲኤንኤው ውስጥ ኢንትሮን ስላለ አንዱ ጂን በሁለትና በሦስት ቁራጭ ተከፋፍሎ ሊታይ ይችላል። ሁለት ቁራጭ ስላያችሁ ሁለት ጂን ነው አትበሉ። ቁራጮቹ በአንድ ክሮሞዞም ላይ ተጠጋግተው ካሉ አንድ ጂን ናቸው።

ዋናው ወጥመድ ግን ሌላ ነው። ይህ ኢንዛይም ዘመደ ብዙ ነው። ሩዝ ብቻውን የዚህ ወገን አራት ጂኖች አሉት፤ የእኛው ሁለተኛው ነው። ስለዚህ ጤፍ ላይ ከሚመጡት ውጤቶች ውስጥ እውነተኛው አቻም የአጎት ልጆቹም ተደባልቀው ይገኛሉ፤ ሁሉም ቆንጆ ኢ-ቫልዩ አላቸው። መለያው ዘዴ ቀላል ነው፦ መልሳችሁ ፈልጉ። የጤፉን ፕሮቲን ውሰዱና በብላስትፒ ወደ ሩዝ መልሱት። የመጀመሪያው ውጤት የተነሳችሁበት ጂን ከሆነ አቻውን አግኝታችኋል። ሌላ ወንድሙ ከሆነ ግን የያዛችሁት የዚያን አቻ ነው። ይህን ሳያደርጉ የተጻፈ የመመረቂያ ጽሑፍ ብዙ ነው። ሥራው የአምስት ደቂቃ ነው።

የብላስት ውጤት መለያ ቁጥር አለው፤ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ግን ገጹ ይጠፋል። መብራት ሳይሄድ ሰንጠረዡን አውርዱት።

ጂኑ ተገኘ ማለት ችግሩ ተፈታ ማለት ነው?

አይደለም። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይቸኩላል። ዳታቤዝ የሚሰጣችሁ ተጠርጣሪ ነው፣ ፍርድ አይደለም። ጥሩ ማስረጃው ራሱ ጤፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ቀኜ የተባለ አጠር ያለና መጋሸብን የሚቋቋም የጤፍ መስመር ላይ ምክንያቱን ሲፈልግ ያገኘው የጂበረሊንን ጂን አልነበረም። አልፋ ቱቡሊን የሚባል፣ የሴልን አጽም ከሚሠሩት አንዱ፣ እሱ ጂን ላይ የተከሰተ ለውጥ ሆኖ ተገኘ። በሩዝ በኩል ብቻ የሄደ ሰው ይህን መንገድ አያየውም ነበር። ስለዚህ ከሰንጠረዡ ያገኛችሁትን ጂን «ሊመረመር የሚገባው» ብላችሁ ያዙት፣ ከዚያ ወደ ማሳና ወደ ላቦራቶሪ ውሰዱት።

ላቦራቶሪ ከሄዳችሁ ፕራይመር ያስፈልጋችኋል። ኤንሲቢአይ ላይ ፕራይመር-ብላስት የሚባለው በነጻ ይሠራላችኋል። የፍጥረቱ ስም በሚለው ሳጥን ላይ ሲከፈት «ሰው» ተብሎ ተሞልቶ ይጠብቃችኋል። ካልቀየራችሁት ፕራይመራችሁን ከሰው ዲኤንኤ ጋር ያመሳክርና «ንጹሕ ነው» ይላችኋል። ጤፍ አድርጉት። «ከስተም» የሚለውን መርጣችሁ የጤፉን ጂኖም መለያ ብታስገቡ ደግሞ የበለጠ ይጠብባል።

ጤፍ ላይ የሚብሰው «ኤ» እና «ቢ»ን መለየት ነው። የሁለቱ ጂኖች ፕሮቲን ሠሪ ክፍል ከዘጠና በመቶ በላይ ይመሳሰላል። ዝም ብሎ የተሠራ ፕራይመር ሁለቱንም ያበዛና ውጤቱ ይምታታል። መፍትሔው ሁለቱን ጂኖች ጎን ለጎን መደርደር ነው፤ ክሉስታል ኦሜጋ የሚባለው የአውሮፓው ተቋም ፕሮግራም ይህን በነጻ ይሠራል። በተደረደሩት ፊደሎች ሥር ኮከብ ያለበት ቦታ ሁለቱ የሚስማሙበት ነው። ኮከብ የሌለበትን ፈልጉ። የፕራይመራችሁ የመጨረሻ ፊደል፣ ማለትም በሦስት ፕራይም በኩል ያለው ጫፍ፣ እዚያ ልዩነት ላይ ይረፍ። ኢንትሮን ውስጥ ልዩነቱ ስለሚበዛ እዚያ መፈለግ ይቀላል።

ግብጦ፦ አጠር ያለ ሁለተኛ ምሳሌ

ግብጦ የሌለበት የጎጃም አረቄ ቤት አላውቅም። ተቆልቶ፣ ወራጅ ውኃ ውስጥ ቀናት ተዘፍዝፎ ነው የሚበላው። መራራው አልካሎይድ የሚባለው ነገር ነው። መረጃ ፍለጋው እንደ ጤፉ ረጅም አይደለም፣ የተሠራ ሥራ ስላለ።

የግብጦ ጂኖም እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል። የተነበበው አሚጋ የተባለ የውጭ ዝርያ ነው፤ 25 ጥንድ ክሮሞዞም፣ 451 ሚሊዮን ፊደል። የፈረንሳይ ተመራማሪዎቹ ለግብጦ ብቻ የሚሆን ድረ ገጽ ከፍተውለታል፤ ብላስትም የጂኖም መመልከቻም አለው። ጣፋጩን ግብጦ ከመራራው የሚለየው ቦታ «ፓውፐር» ይባላል፤ ድረ ገጹ ላይ ከመግባታችሁ በፊት በዚህ ስም የታተሙ ጽሑፎችን ፈልጉ። አሲቲልትራንስፈሬዝ የተባለ ኢንዛይም ከሚሠራ ጂን ጋር ተያይዟል፤ ለመለያ የሚሆኑ ምልክቶችም ታትመዋል።

ዳታቤዙ የማይነግራችሁን እዚህ ልጨምር። ጣፋጭነቱ የሚታየው ከሁለቱም ወላጅ ሲወረስ ብቻ ነው። ግብጦ በከፊል በንብ ይዳቀላል። የጣፋጩን ማሳ ከጎረቤት መራራ ማሳ አጠገብ የዘራ ሰው ለዘር የሚይዘው ፍሬ እየቆየ መራራው ይቀላቀልበታል። ደግሞ መራራነቱ በከንቱ አይደለም፤ ከብትም ነፍሳትም ደፍረው አይበሉትም። ጣፋጩን ስትመክሩ አጥሩንም አብራችሁ አስቡ።

ዳታ እንዳያልቅ፣ ሥራ እንዳይጠፋ

ሙሉ ጂኖም አታውርዱ። የጤፍ ወደ 600 ሚሊዮን ፊደል ነው፣ የስንዴውን አስቡት። ለአንድ ጂን ጥያቄ የምትፈልጉት ፋይል ከአንድ ፎቶ ያነሰ ነው። በእርግጥ ብዙ ጂን በአንድ ጊዜ ከፈለጋችሁ ኤንሴምብል ላይ ባዮማርት የሚባለውን ተጠቀሙ፦ ሰብሉን መምረጥ፣ ማጣሪያ ማስገባት፣ የሚፈለጉትን ዓምዶች መምረጥ፣ በኤክሴል የሚከፈት ሰንጠረዥ ማውረድ፣ በቃ። ኔትወርክ ሌሊት ይሻላል። ግቢ ውስጥ ዋይፋይ ካለ ከባዱን እዚያ ጨርሱ።

ለእያንዳንዱ ጂን አንድ መስመር በኤክሴል ያዙ፦ የጂኑ መለያ፣ የዝርያው ስም፣ የጂኖሙ ስብስብ መለያ፣ የዳታቤዙ እትም፣ የወሰዳችሁበት ቀን። የጂኖም መለያ መጨረሻ ላይ ነጥብ አንድ፣ ነጥብ ሁለት ይላል። ነጥቡን አትተዉት። ጂኖም ሲሻሻል ነጥቡ ይቀየራል፣ አንዳንዴም የጂኑ ቦታ ቁጥር አብሮ ይቀየራል። አንዱን ኮፒ ፍላሽ ላይ፣ አንዱን ኢሜይል ላይ አስቀምጡ።

ዘሩስ የት አለ?

ጂኑን አወቃችሁ እንበል። አሁን ልዩነት ያላቸው ነባር ዝርያዎችን ትፈልጋላችሁ። ለዚህ ጀነሲስ የሚባል ዳታቤዝ አለ። የዲኤንኤ ፊደል አይይዝም፤ በዓለም ጂን ባንኮች ውስጥ የተቀመጡ ዘሮች መቼ፣ ከየት፣ በማን እንደተሰበሰቡ ነው የሚይዘው። ሰብሉን ምረጡ፣ የተገኘበትን አገር ኢትዮጵያ አድርጉ፣ ካርታውን ክፈቱ። ጎጃም ላይ ነጥቦች ያሉበትን አስፉት።

በቦታ ስም ስትፈልጉ ተጠንቀቁ። ጎጃም በላቲን ፊደል በአንድ ጄ፣ በሁለት ጄ፣ በዲና ጄ ተጽፎ ይገኛል። ሁሉንም ሞክሩ። የድሮ መዝገብ በክፍለ ሀገርና በአውራጃ ነው የተጻፈው። መተከል ዛሬ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ነው፣ በድሮው መዝገብ ግን ጎጃም ውስጥ ነው። የኬክሮስና ኬንትሮስ ቁጥር ካለ ከስሙ ይልቅ እሱን እመኑ፤ ነጥቡ ጣና ላይ ካረፈ ደግሞ እሱንም አትመኑ።

አገር ውስጥ ያለው ዋናው ክምችት የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የዕፅዋት ጂን ሀብት ማዕከል ነው። ከእሱ ዘር ለማግኘትም ሆነ ከገበሬ የሰበሰባችሁትን ናሙና ለምርመራ ውጭ ለመላክ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 የተደነገገ ፈቃድ አለ። «ለትምህርት ነው» ማለት ብቻውን አያስኬድም። ነገሩ የወረቀት ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የአውሮፓ የበልግ ገብስ አርሶ አደሮች ዱቄታማ ሻጋታን ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሚከላከሉበት «ኤምኤልኦ-11» የተባለው የጂን ዓይነት የተገኘው ከኢትዮጵያ ነባር ገብስ ነው። በጤፍ ዱቄት ላይ አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ይዞት የነበረው የባለቤትነት መብት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 በዚያው አገር ፍርድ ቤት ተሽሯል።

ቅደም ተከተል ማንበቢያ ድርጅቶች ውጭ አገር ስለሚበዙ ብዙ ተማሪ ቅጠል አድርቆ በፖስታ መላክ ያስባል። ፈቃዱ ጊዜ ስለሚወስድ ማመልከቻውን ፕሮፖዛሉ ከጸደቀበት ሳምንት ጀምራችሁ አስገቡ። ከማመልከቻው ጋር የሰበሰባችሁበትን ቀበሌ፣ የገበሬውን ፈቃድና የናሙናውን ብዛት አያይዙ። ፈቃዱ እስኪመጣ ድረስ ቅጠሉ በሲሊካ ጄል ደርቆ፣ ታሽጎና ምልክት ተደርጎበት መሳቢያችሁ ውስጥ ቢቆይ አይበላሽም።